ሰዓቱ ያልተጻፈበት መዝገብ

በሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ልቡ የቆመበትን ሕመምተኛ፣ ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለውን የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጡ ሐኪሞች ከጎበኙት ከሌላው ይልቅ መሞቱ ይበዛልና ቤተ ሰቡ እነዚህን ሐኪሞች ወደ አልጋው ባያስቀርባቸው ይሻላል የሚል ወሬ፣ ከአሜሪካ ሆስፒታሎች መዝገብ በተቀዳ ቁጥር ተደግፎ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ይሰማል። ቁጥሩን የሚክድ የለም፤ በቁጥሩ ላይ የተሠራው ፍርድ ግን መዝገቡ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ቀን እንኳ ያልመረመረ ሰው ፍርድ ነው።

የማስታገሻ ሕክምና ሕመምንና የትንፋሽ ማጠርን ማቅለል፣ እውነቱንም ለሕመምተኛውና ለቤተ ሰቡ በርኅራኄ መግለጥ መሆኑ፣ ሌላው ሕክምናም ሳይቋረጥ ጎን ለጎን ሊሰጥ መቻሉ፣ ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ለንደን ላይ ከከፈቱ ወዲህ ብዙ ስለ ተጻፈበት ማስረዘም አያሻም። ደረትን በመጫን የቆመ ልብን ማስነሣት እ.ኤ.አ. በ1960 ከባልቲሞር ከጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እንደ ተገለጠ፣ ዛሬም በአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ልባቸው ከቆመባቸው ሰዎች በሕይወት የሚወጡት ከ4ቱ 1 ያህል ብቻ እንደ ሆኑ አንባቢ ይያዝልኝና ወደ ነገሩ ሥር ልግባ።

እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚቀዳው በየዓመቱ 7 ሚሊዮን ያህል የሆስፒታል ቆይታዎችን ከሚሰበስበው የአሜሪካ ብሔራዊ የናሙና መዝገብ ነው። መዝገቡ ለሒሳብ ክፍያ ከተጻፉ ምልክቶች የተጠራቀመ ስለ ሆነ፣ ሕመምተኛው ድኖ በወጣ ወይም በሞተ ጊዜ የደረሰበት ነገር ሁሉ በየምልክቱ ይሰፍራል፤ የማስታገሻ ሐኪም ካየውም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ «ዜድ 51.5» ተብሎ ይጻፍለታል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ይህ ምልክት ሐኪሙ መጥቶ እንደ ነበረ ይመሰክራል እንጂ፣ የመጣው ልቡ ከመቆሙ ከሳምንት አስቀድሞ ይሁን ወይም ተስፋ ሁሉ ከተቈረጠ በኋላ በመጨረሻይቱ ሌሊት፣ አንዲት ቃል አይናገርም። የአንድ ደብር ካህናት ወደ የትኛው ሕመምተኛ ቤት እንደ ሄዱ ብቻ የሚጽፍ፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ግን የሚተው መዝገብ ቢኖር፣ ቀንዲል ሊያነቡ የገቡበትም፣ ንስሐ ሊቀበሉ የገቡበትም፣ ነፍስ ከወጣች በኋላ ፍትሐት ሊያደርሱ የገቡበትም ቤት በአንድ መስመር ይሰለፋልና፣ ያን መዝገብ የቈጠረ ሰው ካህን ከገባበት ቤት ሬሳ እንደሚወጣ በአኃዝ ሊያስረዳ ይችላል፤ ይህን ሰምቶ የንስሐ አባቱን ከደጁ የሚመልስ አስተዋይ ግን አይገኝም።

ሐኪሞቹ ለምን እንደሚጠሩም ለማወቅ ልብ በቆመ ጊዜ በአንጎል ላይ የሚሆነውን ማየት ይገባል። ደም የተቋረጠበት አንጎል በ20 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ የሕዋሳቱ የኀይል ስንቅ ያልቅና፣ ሶዲየምንና ካልሲየምን ወደ ውጭ ሲገፋ የነበረው አሠራራቸው ይደክማል፤ ወደ ውስጥ የጎረፈውም ካልሲየም ሕዋሱን ከውስጥ ማፍረስ ይጀምራል። ደረት መጫን በደንቡ ቢፈጸም እንኳ የሚያንቀሳቅሰው ደም ጤናማ ልብ ከሚያንቀሳቅሰው ከሢሶው ብዙ አይዘልም፤ ልቡ ሲመለስም ተመላሹ ደም ራሱ ሌላ ጉዳት ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ልቡ ተነሥቶ አንጎሉ ያልነቃ ሰው በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ይቈያል፤ የማስታገሻ ሐኪሞች ልቡ ከተነሣ በኋላ የሚጠሩትም ይልቁን ወደዚህ ሰው ነው። በኤሌክትሪክ ንዝረት ልቡ ወዲያው ተመልሶ በማግስቱ ቁርስ የጠየቀውን ሕመምተኛ እንዲያዩ የሚጠራቸው የለም። ስለዚህ ሁለቱን ወገኖች የሚያነጻጽር ሰው የሐኪሞቹን ሥራ የለካ ይመስለዋል እንጂ የለካው የአንጎልን ጉዳት ክብደት ነው። ዕድሜንና ተደራቢ በሽታን በስሌት ማስተካከል ይቻላል ይሉኛል፤ ደረቱ ስንት ደቂቃ እንደ ተጫነ፣ ብርሃን ሲበራበትም የዐይኑ ብሌን ጠብቦ እንደ ሆነ በዚያ መዝገብ ያልተጻፈው ነገር በምን ስሌት ይስተካከላል?

ይህን ስል የእኛ የማስታገሻ ሐኪሞች ሙያ ነቀፋ የለበትም አልልም። ስላልነቃ ሕመምተኛ ተስፋ ለመፍረድ ቢያንስ 72 ሰዓት መጠበቅ እንደሚገባ መመሪያዎች ያዝዛሉ፤ ይኸውም ኩላሊትና ጉበት በደከሙ ጊዜ የማደንዘዣ መድኃኒት ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣና የመድኃኒቱ እንቅልፍ የአንጎል ጉዳት ስለሚመስል ነው። ሰዓቱ ሳይደርስ መሣሪያው ቢነሣ ሕመምተኛው ይሞታል፤ ሞቱም የተነገረበት ትንቢት እውነት እንደ ነበረ ምስክር ሆኖ ይቈጠራል። ይህ ስሕተት ከቶ አይደርስም ብሎ የሚምል ባልደረባ ቢኖር አብሬው አልምልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናትም በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ረዥም ጊዜ ለቈዩ ሕመምተኞች ቤተ ሰቦች በማስታገሻ ሐኪሞች የተመራ ጉባኤ ቢደረግላቸው ጭንቀታቸው አልቀለለም፤ እንዲያውም የሰቀቀን ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ በዝቶ ታየባቸው። በሌላ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የቦስተን ጥናት፣ የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር የያዛቸው 151 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ማስታገሻው ከመጀመሪያው የተጨመረላቸው በመካከለኛ ግምት 11.6 ወር፣ ያልተጨመረላቸው 8.9 ወር ኖረዋል። ይህ የካንሰር ነገር ነው እንጂ የቆመ ልብ ነገር አይደለም፤ የዕድሜው ጭማሪም በኋላ በተደረጉት ጥናቶች ሁሉ አልተደገመም።

የሚያስገርመው ያው ሕክምና በሌላ መዝገብ የተገላቢጦሽ ምስክርነት ማግኘቱ ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚያስጠብቀው መዝገብ የሚቀበለው ልባቸው ሲቆም ለማስነሣት የተሞከረላቸውን ብቻ ነው። የማስታገሻ ሐኪሞች አስቀድመው በሚነጋገሩበት ሆስፒታል፣ በደከመ ሰውነቱ ላይ ደረቱ እንዳይጫን፣ የጎድን አጥንቱም እንዳይሰበር በፈቃዱ ያስጻፈ ሕመምተኛ፣ ልቡ በቆመ ጊዜ ወደዚያ መዝገብ አይገባም፤ የሚቀሩት ብርቱዎቹ ይሆኑና፣ ተጨማሪ የተረፈ አንድ ነፍስ ሳይኖር፣ በሕይወት የሚወጡት ድርሻ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ ቁጥር ሊያመሰግኑን የሚመጡትንም ምስጋናቸውን አልቀበልም።