ካላዛርን በሚዋጥ ኪኒን ማከም ይቻል ይሆን?



ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ካልታከመ ከ100 ታማሚ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። መተማና ሁመራ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ከዓባይ ማዶ ወደ ጎንደር ስትሄዱ የምታልፉባት ሊቦ ከምከም በ1997 ዓ.ም በወረርሽኙ ተመታ ነበር።

የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀን፣ በየቀኑ ሁለት መርፌ ነው። ያማል፣ ከሥራ ያስቀራል። አንደኛው መድኃኒት ደግሞ ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

ኤልኤክስኢ408 የተባለው አዲስ ውህድ ግን የሚዋጥ ነው። ኖቫርቲስ የሠራው ሲሆን ከዲኤንዲአይ ጋር በኢትዮጵያና በሕንድ ታማሚዎች ላይ ይሞከራል።

እንዴት ይሠራል? የበሽታው ተሕዋስ ያረጀ ፕሮቲን የሚፈጭበት "ወፍጮ" አለው። መድኃኒቱ ይህን ወፍጮ ያቆመዋል፤ ቆሻሻው ይከማችና ተሕዋሱ ይሞታል። የሰውን ሴል ወፍጮ ግን እንዳይነካ ታስቦ ነው የተሠራው።

ልብ በሉ! ገና ሙከራ ላይ ያለ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ አይሸጥም። "አለኝ" የሚላችሁን አትመኑ። እሱን እየጠበቃችሁም ሕክምና አታዘግዩ።

ቆላ ሠርቶ የተመለሰ ወንድማችሁ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ከግራ ጎድኑ ሥር እብጠት (ጣፊያ) ካለው "ወባ ነው" ብላችሁ አትተዉት። ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱትና ቆላ መክረሙን ተናገሩ። ከጣት በሚወሰድ ደም በደቂቃዎች ውስጥ ይመረመራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የሕክምና ማዕከል አለ።

መርፌው ቢያምም ያድናል። ቆላ የሚወርድ ዘመድ ላላቸው ሼር አድርጉላቸው።