በእንጨት የተነገረ ጀግንነት፦ የሳላምፓሱ ጭምብልና የኮንሶ ዋካ

የሥነ ቃል ተማሪዎቻችን ጀግንነት የሚነገርባቸውን ዘርፎች ጥቀሱ ሲባሉ ፉከራን፣ ቀረርቶን፣ ሽለላንና ጌረርሳን ይዘረዝራሉ። ሁሉም በድምፅ የሚከወኑ ናቸው። ይኸው ጉዳይ በእንጨትም እንደሚነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው የኮንሶ ዋካ የጥበብ ዕቃ ብቻ ሳይሆን እንደ ትረካ ሊነበብ የሚገባው መሆኑን ነው። ለማነጻጸሪያ እንዲሆነን ከሩቅ አንድ ምሳሌ አስቀድማለሁ።

ሳላምፓሱዎች በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፑብሊክ፣ በካሳይ አካባቢ፣ ከአንጎላ ወሰን ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። የእንጨት ጭምብላቸው ወደ ፊት ያበጠ ግንባርና የሾሉ ጥርሶች አሉት፤ ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው ደግሞ በስስ መዳብ ይለበጣል። ጭምብሉን የፈለገ ሁሉ አያጠልቀውም ነበር። መብቱ የሚገኘው በተዋጊዎች ማኅበር ውስጥ ደረጃ በደረጃ በማለፍና የሚጠየቀውን በመክፈል ነው። ስለዚህ መዳቡን ያየ ተመልካች የለባሹን ፊት ባያይም ማዕረጉን ያነባል።

በአገራችን እንዲህ ያለ በሰፊው የታወቀ የጭምብል ልማድ የለም። እኔ ባደግሁበት በአንጋጫ የሟች ሙያ በልቅሶ ሜዳ ላይ በቃል ሲነገር ነው የምሰማው። በጎረቤታችን በሀድያም ውዳሴው የሚደርሰው በዘፈን ነው፤ ኡልሪሽ ብራውኬምፐርና ጥላሁን ሚሻጎ እነዚህን ትረካዊ ዘፈኖች በ1999 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል። ከአንጋጫ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ሶዶንና አርባ ምንጭን አልፎ ኮንሶ ለደረሰ ሰው ግን ሙያ በእንጨትም ተቀርጾ ይጠብቀዋል።

ዋካ የሚተከለው ጠላት ወይም እንደ አንበሳና ነብር ያለ አውሬ ለገደለ ሰው መታሰቢያ፣ ከሞተ በኋላ ነው። አንድ ምስል ብቻውን አይቆምም። ጀግናው መሀል ይሆናል፤ በግንባሩ ላይ ከለቻ አለ። አጠገቡ ሚስቶቹ፣ ከእነርሱ ወዲያ የገደላቸው ጠላቶች ይቆማሉ፤ አውሬ ገድሎ እንደሆነም አውሬው ከእግር ሥር ይቀረጻል። ከምስሎቹ አንዳንዶቹ ዓይናቸው ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ ጥርሳቸው ከአጥንት የተሠራ ነው። (ሳላምፓሱም ሆነ ኮንሶ ክብርን በግንባር ላይ ማሳየታቸው ያስገርመኛል፤ ዝምድና አላቸው ለማለት ግን አልደፍርም።)

እዚህ ላይ የቋንቋ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በአማርኛ ማን ማንን እንደ ገደለ የምንለየው በ«ን» ነው፤ ቃላቱን ብናዘዋውራቸውም ተሳቢው አይጠፋም። ዋካ ይህ ምልክት የለውም። ገዳዩን ከለቻው ቢለየውም፣ ሌላው የማን ሚስት፣ የማን ሟች እንደሆነ የሚናገረው የቆመበት ስፍራ ነው።

ሌላው ልዩነት የተራኪው ነው። ፎካሪ ስለ ራሱ «እኔ» ብሎ ይናገራል፤ በሕይወት ስላለም የሚጠራጠር ካለ ሊሞግተው ይችላል። ዋካ ግን በሦስተኛ መደብ የተነገረ ፉከራ ነው፤ ባለቤቱ ዝም ካለ በኋላ ሌሎች ይመሰክሩለታል። የሳላምፓሱ ጭምብል ከሁለቱ መካከል ያለ ይመስለኛል፤ የሚናገረው «እኔ» ነው፣ ፊቱ ግን ተሸፍኗል።

ይህን ሁሉ ማለቴ ንባቡ እየጠፋ በመሄዱ ነው። ብዙ ዋካዎች ከቆሙበት ተነቅለው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ከተዘረፉት መካከል የተመለሱት በካራት ከተማ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. የኮንሶን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ምስሎቹ የሚመሰክሩለት የቀብር ልማድ ለመጥፋት መቃረቡን ገልጿል። ሙዚየሙ እንጨቱን ማዳኑ የሚያስመሰግን ነው። ከጓደኞቹ የተነጠለ ምስል ግን ከዐረፍተ ነገር የወጣ ቃል ሆኗል፤ ሚስት ይሁን ሟች ቤተ ሰቡ ካልነገረን አናውቅም።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች በየስፍራው የቀሩትን ዋካዎች ብትመዘግቡ እመርጣለሁ። የእንጨቱ ቁመትና ስፋት ይቆይ። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው የእያንዳንዱ ምስል ስም፣ ከማን ቀጥሎ እንደ ቆመና ታሪኩን የነገረው ዘመድ ለሟቹ ምን እንደሚሆነው ነው። የተነገረውም በኮንሶ ቋንቋ እንዳለ ይጻፍ፤ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።