የምስል ድምቀትና የመጽሐፍ ፍሬ ነገር፦ ከ«ወርቃማው ኮምፓስ» እስከ ጋፋት

ከደብረ ታቦር ከተማ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ የምትገኘው ጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው መድፍ ያሠሩባት ታሪካዊ ሥፍራ ናት። በዚያ የተሠራውና ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት «ሴባስቶፖል» በ1860 ዓ.ም በደጋው ወጣ ገባ መሬት ላይ ለወራት በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደርሷል። የአፄ ቴዎድሮስ ታሪክ በልቦለድና በተውኔት ተደጋግሞ የቀረበ ሲሆን፣ የመድፉ ጉዞም ልጆችና ወላጆች አብረው ለሚመለከቱት የጀብዱ ፊልም የተመቸ ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ታሪክ ወደ ፊልም ሲለወጥ፣ ምስሉ ምን ያህል ይደምቃል ከሚለው ጥያቄ በፊት ከመጽሐፉ ምን ይጎድላል የሚለው መቅደም እንዳለበት የሌላው ዓለም ልምድ ያስገነዝባል።

እ.ኤ.አ በ2007 ለእይታ የበቃው «ወርቃማው ኮምፓስ» ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው። ፊልሙ እንግሊዛዊው ደራሲ ፊሊፕ ፑልማን እ.ኤ.አ በ1995 ካሳተሙት ልቦለድ የተወሰደ ሲሆን፣ በክሪስ ዋይትዝ ዳይሬክተርነት በ180 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪ ተዘጋጅቷል። በልቦለዱ ዓለም የሰው ነፍስ ከአካሉ ውጭ በእንስሳ አምሳል ስለሚኖር፣ እያንዳንዱ ሰው ከጎኑ የማይለይ እንስሳ አለው። እነዚህ እንስሳትና ጥሩር የለበሱ ተናጋሪ ድቦች በኮምፒውተር የምስል ቅንብር የተሠሩ ሲሆን፣ ፊልሙም እ.ኤ.አ በ2008 በዚሁ ዘርፍ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል።

የኀያሲያን አቀባበል ግን የተደበላለቀ ነበር። ምስሉን ካደነቁት መካከል በርካቶቹ ትረካው የተጣደፈ መሆኑን ነቅፈዋል። ሁለተኛው ትችት መጽሐፉ በሃይማኖታዊ ሥልጣን ላይ የሚሰነዝረው ሂስ እንዲለዝብ መደረጉን የሚመለከት ነበር። የመጽሐፉ ወዳጆች በዚህ ቅር ሲሰኙ፣ በአሜሪካ አንድ የካቶሊክ ማኅበር ደግሞ ምእመናን ፊልሙን እንዳይመለከቱ ቀስቅሷል። የመጽሐፉ አሳዛኝ ፍጻሜም ከተቀረጸ በኋላ ለቀጣዩ ክፍል በሚል እንዲወጣ ተደረገ፤ ቀጣዩ ክፍል ግን አልተሠራም።

የጉድለቱ ምንጭ የቅንብሩ ጥራት አልነበረም። በመጽሐፉ እንስሳውን የተነጠቀ ሕፃን ይሞታል፤ በፊልሙ ግን ወደ እናቱ እቅፍ ሲመለስ ይታያል። የእንስሳው ምስል የቱንም ያህል ቢያምር፣ መነጠሉ የሚያስከትለው ጉዳት ካልተገለጸ ተመልካቹ የሚሰማው ሐዘን ይቀንሳል።

በአንጻሩ ማርቲን ስኮርሴዚ ከብራያን ሰልዝኒክ መጽሐፍ ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ በ2011 የታየው «ሁጎ» አምስት የኦስካር ሽልማቶችን ከማግኘቱም በላይ በኀያሲያን ዘንድ በሰፊው ተወድሷል። ታሪኩ ከፊልም ጥበብ ፋና ወጊዎች አንዱ ስለሆኑት ስለ ጆርጅ ሜልየስ በመሆኑ፣ የምስል ቅንብሩ የታሪኩ አካል እንጂ ጌጥ ብቻ አልነበረም።

በአገራችንም ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ያለ አንዳች ምስል በድምፅ ብቻ በሕዝብ ልብ ውስጥ መቅረቱ ይታወሳል።

ከዚህ አኳያ የጋፋት ታሪክ ፍሬ ነገር የመድፉ ግዝፈት ብቻ አይደለም። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ እንዲሠሩ የታዘዙ ሰዎች ጭንቀት፣ መንገድ እየጠረገ መድፉን የጎተተው ሕዝብ ድካም፣ አገራቸው የራሷ የጦር መሣሪያ እንድትሠራ የሹት ንጉሠ ነገሥት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም በመቅደላ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ማጥፋታቸው በአንድነት የታሪኩ አካላት ናቸው። ለልጆች አይመችም ተብሎ ይህ ሁሉ ቢወጣ፣ የሚቀረው የሚንከባለል ብረት ብቻ ይሆናል።

በመሆኑም የታሪክ ፊልም ጽሑፎችን የሚገመግሙና ድጋፍ የሚሰጡ የባህል ተቋማት፣ የቅንብሩን ወጪ ከማጽደቃቸው አስቀድሞ ከታሪኩ የተቀነሰው ምን እንደሆነና የተቀነሰበትን ምክንያት መጠየቅ ይጠበቅባቸዋል። «ሴባስቶፖል» ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ የሚሠራው ፊልምም መድፉን ወደዚያ ያደረሱትን ሰዎች ሊዘነጋ አይገባም።