ጠገራ ብርና የደረጃ ምዘናው፤ በራያ ቆላ ገበያና በገንዘብ ሰብሳቢዎች ዘንድ

የጥንት የብረት ገንዘብ ለሰብሳቢዎች የሚሸጥበት ዋጋ በዛሬው ዘመን የሚወሰነው በዕድሜውና በውስጡ ባለው ማዕድን ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ከተቀረጸበት ቀን ጀምሮ ምን ያህል እንደ ተጠበቀ በባለሙያ ተመርምሮ የሚሰጠው የደረጃ ቁጥር ዋጋውን እጅግ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ልማድ ለኢትዮጵያ እንግዳ ቢመስልም፥ ገንዘብን እየመረመሩ መለየት በአገሪቱ ገበያዎች የቆየ ሥራ ነበር። ሁለቱ ምዘናዎች በምን እንደሚመሳሰሉና በምን እንደሚለያዩ ለመረዳት ከጠገራ ብር የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፥ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ሜዳው በስተ ምዕራብ ከደጋው፥ በስተ ምሥራቅ ከአፋር ምድር ጋር ስለሚዋሰን፥ የደጋ እህልና የቆላ ከብት፥ ማሽላና ጨው የሚገናኙበት አገር ነው። ከአፋር የጨው ምድር ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በሰሜን ኢትዮጵያ ገበያዎች እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲያገለግል፥ ከፍ ያለውን ዋጋ የሚሸከመው ጠገራ ብር ነበር። የምንዛሪው ልክ ግን በየአገሩ ይለያይ ነበር፤ ከጨው ምድር በራቁ መጠን አሞሌ ስለሚወደድ፥ አንድ ብር የሚመነዘርበት የአሞሌ ቁጥር እያነሰ ይሄዳል።

ጠገራ ብር የሚባለው እስከ 1780 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያን የገዛችው የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን፥ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ፥ ሁልጊዜ 1780 እየተባለ መቀረጹ ቀጠለ። ይህም የሆነው የምሥራቁና የአፍሪካው ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ ገንዘቡን አልቀበልም ስላለ ነው። እስከ ዛሬ የተቀረጸው ጠቅላላ ብዛት ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኢትዮጵያን የጎበኙ መንገደኞች እንደ መሰከሩት፥ ገበያተኛው ብሩን ሳይመረምር አይቀበልም ነበር። በንግሥቲቱ ራስ ላይ ያሉት የዕንቁ ነጥቦች ጎልተው መታየታቸውን፥ የትከሻዋ ጌጥ አለመጥፋቱን፥ ከመልኳ በታች ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት መነበባቸውን ያረጋግጣል። ፊደላቱ በጉንዝቡርግ ከተማ የነበሩት የሁለት የገንዘብ ቤት ሹሞች፥ የሾብልና የፋቢ፥ ስም መነሻዎች ናቸው፤ ለገበያተኛው ግን የእውነተኛነት ማኅተም ነበሩ። በጠርዙ ዙሪያ ከፍ ብሎ የተቀረጸው ጽሕፈትም ብሩ እንዳይሸረፍ ይጠብቀው ነበር። ምልክቱ የጠፋ ወይም እጅግ ያለቀ ብር ንጹሕነቱ ሳይቀነስ እንኳ ይመለሳል፥ ወይም በጎደሎ ዋጋ ይሄዳል።

ይህ ምዘና የጽሑፍ ሕግ አልነበረውም፤ ኃይሉ በጋራ ስምምነት ላይ የቆመ ነው። አንድ ሰው ብሩን የሚቀበለው ነገ ሌላው ከእርሱ ይቀበለዋል ብሎ ሲያምን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ እንዲቀረጽ ያወጡት አዋጅ ያጋጠመው ችግር ከዚሁ የመጣ ነው። በፓሪስ የተቀረጸው የምኒልክ ብር በክብደትም በጥራትም ከማርያ ትሬዛ የማያንስ ሳለ፥ ሕዝቡ የለመደውን መልክ መምረጡን አልተወም። እንግዲህ ደረጃ የሚሰጠው ማዕድኑ ሳይሆን እምነቱ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከታወጀ በኋላ ጠገራ ብር ከሕጋዊ መገበያያነት ወጣ። ከዚያ በኋላ ከፊሉ በአንጥረኛ እጅ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆነ፤ ከፊሉ ተበስቶ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶለት የአንገት ጌጥ ሆነ፤ ከፊሉም በየቤቱ ተቀምጦ ቀረ።

በሌላው ዓለም ግን ሌላ ዓይነት ምዘና ተነሣ። አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን በ1949 እ.ኤ.አ. የጥንት የአሜሪካ ሳንቲሞችን ከ1 እስከ 70 በሚደርስ ቁጥር የሚለይ መለኪያ አወጣ። የመለኪያው መነሻ ሐሳብ 70 የተሰጠው ሳንቲም 1 ከተሰጠው ሰባ እጥፍ ያወጣል የሚል ነበር። ይህ የዋጋ ስሌት ሳይጸና ቢቀርም ቁጥሩ ጸና፤ ከ60 በላይ ያለው በገበያ ላልዞረ ገንዘብ ብቻ የሚሰጥ ሆነ። በ1986 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፥ በ1987 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤን.ጂ.ሲ. የተባሉት ድርጅቶች ተቋቁመው፥ ገንዘቡን መርምረው በታሸገ ግልጽ ሣጥን ውስጥ ከነደረጃው መመለስ ጀመሩ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። ቀድሞ ሻጩ ያውቅ፥ ገዢው ግን ይታለል ነበር፤ አሁን ገዢው ያላየውን ገንዘብ ከሩቅ አገር ሆኖ በልበ ሙሉነት ይገዛል። ለጠገራ ብር በተለይ ይረዳል። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮማ፥ ቀጥሎም ለንደን፥ ፓሪስ፥ ብራስልስና ቦምቤይ ሁሉም 1780 እያሉ ቀርጸውታልና፥ የትኛው የት እንደ ተቀረጸ የሚለየው በትከሻ ጌጡ ዕንቁዎችና በንስሩ ጭራ ላባዎች ነው። የጥንቱ ብዙ ሲያወጣ፥ የኋለኛው ከብርነቱ ዋጋ ብዙም አያልፍም።

ጉዳቱም አለ። በአንድ ቁጥር ብልጫ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል፥ ሰብሳቢው ከገንዘቡ ይልቅ ቁጥሩን ይገዛል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ለማግኘት ሣጥኑን ሰብሮ ደጋግሞ የሚያስመዝንም አለ። ሣጥኑን ራሱን አስመስለው የሚሠሩ አታላዮችም ተነሥተዋል።

ለኢትዮጵያ ጥናት ግን ከባዱ ነገር ሌላ ነው። የተበሳ፥ ማንጠልጠያ የተበየደለት፥ ወይም የተፈተገ ጠገራ ብር በዚህ ምዘና እውነተኛነቱ ይመሰከርለት እንደ ሆነ እንጂ ቁጥር አይሰጠውም፤ «ጉዳት ያለበት» ተብሎ ይመለሳል። ብሩ የሙሽራ ጌጥ መሆኑን የሚናገረው ግን ያ ቀዳዳ ነው። በብዙ እጅ ማለፉን የሚናገረውም ማለቁ ነው። ከገንዘብ ቤት ወጥቶ በከረጢት ውስጥ የቆየው 65 ሲባል፥ ከራያ ገበያ ወደ ጎተራ፥ ከጎተራ ወደ አንገት የተላለፈው ከዋጋ ይወጣል። ይህን የሚሰማ ሻጭ ብሩን በአሸዋ ወይም በአሲድ አጥቦ ለማብራት ይሞክራል፤ በዚህም የሰብሳቢውን ዋጋ ሳያገኝ የታሪኩን ምልክት ያጠፋል።

ስለዚህ የሁለቱን ምዘናዎች ሥራ ማደባለቅ አይገባም። የገበያው ምዘና ብሩ ነገ ይሄዳል ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ የባለሙያው ምዘና ብሩ ትናንት ሳይነካ ቆይቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ብሩ በማን እጅ፥ በምን አገልግሎት እንዳለፈ ግን ሁለቱም አይጠይቁም። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ የቤተ መዘክርና የተመራማሪ ድርሻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል፤ ነገር ግን ቅርሱ ከአገር ሳይወጣም ታሪኩ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ብር ከዋጃ ወይም ከቆቦ ቤት ሲገኝ፥ ከመታጠቡና ከመሸጡ በፊት ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ጌጠበት፥ ስለ ምን እንደ ተበሳ ከባለቤቱ አፍ ቢጻፍ፥ በቁጥር የማይመዘነው ዋጋ ለትውልድ ይተርፋል።