ግራፊክስ ካርድን ከስሙ ሳይሆን ከማሽኑ አንጻር መምረጥ

ግራፊክስ ካርድ በጌም ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ተግባር ፕሮሰሰሩ ያሰላውን የጨዋታ ዓለም፣ ማለትም የገጸ ባሕርያቱን አቋም፣ የብርሃኑን አቅጣጫና የዕቃዎቹን ገጽታ ተቀብሎ በስክሪን ላይ ወደሚታዩ ነጥቦች መለወጥ ነው። ከነዚህ ነጥቦች እያንዳንዱ ፒክስል፣ በፒክስሎች የተሞላው አንድ ሙሉ ሥዕል ደግሞ ፍሬም ይባላል። ፕሮሰሰሩ ውስብስብ ሥራን በየተራ የሚያከናውኑ ጥቂት ብርቱ ባለሙያዎችን ሲመስል፣ ጂፒዩ የሚባለው የካርዱ ዋና ቺፕ ግን ቀላልና ተመሳሳይ ስሌትን በአንድ ጊዜ ተካፍለው የሚጨርሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ማስያዎች ያሉት በመሆኑ አሠራሩ ከደቦ ጋር ይቀራረባል።

ካርዱን ለመቀየር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ካርድ እንደሚበልጥ ነው። ይሁን እንጂ ካርድ ለብቻው የሚበልጥበት ወይም የሚያንስበት ሁኔታ እምብዛም ስለሌለና የሚሠራው ስክሪኑ የሚጠይቀውን፣ ፕሮሰሰሩ የሚያቀብለውንና ፓወር ሰፕላዩ የሚችለውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ምርጫው ከካርዱ ሳይሆን ቀድሞ ከተገዛው ማሽን መጀመር ይኖርበታል።

ከሁሉ በፊት የሚታየው ስክሪኑ ነው። በብዛት የሚገኘው 1920 በ1080 የሆነው ስክሪን 2,073,600 ፒክስሎች ሲኖሩት፣ 2560 በ1440 የሆነው 3,686,400፣ ፎር ኬ የሚባለው ደግሞ የመጀመሪያውን አራት እጥፍ፣ ማለትም 8,294,400 ፒክስሎች አሉት። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ካርዱ አንዱን ፍሬም ለመጨረስ 16.7 ሚሊሴኮንድ ያህል ጊዜ አለው፤ 144 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ግን ከ7 ሚሊሴኮንድ በታች ይቀረዋል። ስለዚህ ባለ 60 ሄርዝ አሮጌ ሞኒተር ላለው ሰው እጅግ ውድ ካርድ መግዛት ማንም የማያየውን ፍሬም በገንዘብ እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ፕሮሰሰሩም የራሱ ጣራ አለው፤ አንዱ ክፍል ደክሞ ሌላውን ወደ ኋላ የሚያስቀርበት ይህ ሁኔታ ማነቆ ይባላል። ማነቆው የት እንዳለ ለማወቅ ገንዘብ የማያስወጣ ፈተና አለ፦ የጨዋታው ሪዞሉሽን፣ ማለትም የሚሣሉት ፒክስሎች ብዛት፣ ዝቅ ተደርጎ የፍሬሙ ቁጥር በግልጽ ከጨመረ የደከመው ካርዱ ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የፕሮሰሰሩ ስለሚሆን አዲስ ካርድ ብዙም አይፈይድም።

ከካርዱ ባሕርያት መካከል ገዢዎች አዘውትረው የሚሳሳቱበት ቪራም ነው። ቪራም በካርዱ ላይ የተገጠመ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ሲሆን፣ ጨዋታው የግድግዳውን፣ የልብሱንና የመሬቱን ገጽታ የሚያሳዩ፣ ቴክስቸር የሚባሉ ሥዕሎችን የሚያስቀምጠው በዚሁ ነው። ቪራም እስኪሞላ ድረስ መጠኑ በፍጥነት ላይ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ሲሞላ ግን ትርፉ መረጃ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይገፋና ካርዱ በማዘርቦርዱ ማስገቢያ በኩል እየተመላለሰ መቅዳት ይጀምራል። የጉዳቱን መጠን ለመገመት አርቲኤክስ 4060ን መመልከት ይበቃል፤ ይህ ካርድ ከራሱ 8 ጊጋባይት ቪራም በሴኮንድ 272 ጊጋባይት ሲያነብ፣ በማስገቢያው በኩል ግን የሚያገኘው 16 ጊጋባይት ገደማ፣ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ የዚያን ግማሽ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ይህን የሚያየው አማካዩ ፍሬም ደህና ሆኖ ሳለ ምስሉ በየመሐሉ ሲንገጫገጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ሆኖ ሳለ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የተተካበት 4060 በስሌት ፍጥነት ቢበልጠውም ወደ 8 መመለሱ፣ አዲስ ትውልድ በሁሉም ነገር ይሻላል ለሚለው እምነት ጥሩ መልስ ይመስላል። ቴክስቸሩን ከፍ አድርጎ አዳዲስ ጨዋታዎችን መጫወት ለሚፈልግ ሰው 8 ጊጋባይት ዛሬ የመነሻ ልክ እንጂ የምቾት ልክ አይደለም።

የካርዶች አሰያየምም ለገዢው የሚራራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 እና ባለ 3 ጊጋባይት ተብሎ ሲሸጥ ልዩነቱ የቪራም ብቻ ይመስል ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው 1,280 ማስያዎች ሲኖሩት የሁለተኛው 1,152 ነበሩ። አርቲኤክስ 3050ም እንዲሁ ባለ 8 ጊጋባይቱ 130 ዋት የሚፈልግ ሲሆን፣ በ2024 የመጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ በ70 ዋት የሚሠራና ማስያዎቹም የተቀነሱ ሌላ ካርድ ነው። ይኸኛው ደካማ ቢሆንም፣ ከታች እንደሚታየው፣ ለአንዳንድ ማሽን ብቸኛው መፍትሔ እሱ ነው። ሻጭም ሆነ ገዢ አንዱን በሌላው ስም ቢጠራው፣ ከአምራቹ ይልቅ እነሱን መውቀስ ይከብዳል።

ከማስገቢያው ጋር የተያያዘ ሌላ ወጥመድም አለ። በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ 4 ጊጋባይት ቪራም ብቻ ያለው ከመሆኑም በላይ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት የመረጃ መስመሮች ብቻ ስለሆነ፣ በርካሽነቱ ምክንያት የሚመርጡት የአሮጌ ማሽን ባለቤቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱበት ካርድ ሆኗል። የኢንቴል አርክ ቢ580 ደግሞ በ249 ዶላር 12 ጊጋባይት ይዞ በ2024 መጨረሻ ሲቀርብ በዋጋው ማራኪ ነበር። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ የካርዱን ቪራም በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያገኝ የሚያደርገው ሪሳይዘብል ባር የተባለው አሠራር በሌለበት አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ አቅሙ በእጅጉ ይወድቃል።

ኃይል ከሌሎቹ ጉዳዮች የሚለየው ስሕተቱ ፍሬም በመቀነስ ብቻ የማያበቃ በመሆኑ ነው። የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ለካርዱ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ኬብል ያስፈልገዋል፤ ባለ ስድስት ቀዳዳው ኬብል 75፣ ባለ ስምንቱ 150 ዋት ይጨምራል። በአዲስ አበባ ገበያ ከቢሮ አገልግሎት የወጡና ተጠግነው የሚሸጡ ኮምፒውተሮች በብዛት ስለሚገኙ፣ ብዙ ወጣቶች የጌም ማሽናቸውን የሚጀምሩት ከነዚህ ነው። ሆኖም እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያለው ትንሹ ሞዴል 240 ዋት ፓወር ሰፕላይ ብቻ ያለው፣ ኬዙም መደበኛ ቁመት ያለውን ካርድ የማያስገባ ነው። ለእንዲህ ያለ ማሽን ተጨማሪ ኬብል የማይጠይቁ፣ ቁመታቸው ያጠረ ጂቲኤክስ 1650 ወይም ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ይስማማሉ። ለሃርድ ዲስክ የተሠራውን የሳታ ማገናኛ በመለወጫ ገመድ ወደ ካርድ ኬብል መቀየር የተለመደ ቢሆንም፣ ያ ማገናኛ በ12 ቮልት የሚሸከመው 54 ዋት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ 150 ዋት ሲጠየቅ ፕላስቲኩ እስከ መቅለጥ ሊደርስ ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበትና ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት አካባቢም ከካርዱ በጀት ላይ ቀንሶ የታመነ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ከቅንጦት አይቆጠርም።

ያገለገለ ካርድን በተመለከተ ትልቁ ስጋት ማይኒንግ ነበር፤ ይህም ካርዶችን ቀንና ሌሊት በማሠራት ዲጂታል ገንዘብ የማመንጨት ሥራ ሲሆን፣ ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አሠራሩን ከቀየረ በኋላ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ካርድ ሁሉ ይበላሻል ማለት ባይቻልም፣ ፋኖቹ ያለቁና ሙቀት አስተላላፊ ቅባቱ የደረቀ ሊሆን ስለሚችል ርካሽነቱ ከጥገናው ጋር ተደምሮ ሊታሰብ ይገባል። በዚያ ሥራ በብዛት ያገለገለው አርኤክስ 580 ደግሞ 2,304 ማስያዎች ካሉት ዋናው ሞዴል ሌላ 2,048 ብቻ ያሉት፣ በስሙ የሚሸጥ ታናሽ ወንድም አለው።

ከዚህ የባሰው እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ገደማ የወጣ አሮጌ ቺፕ ይዞ፣ በውስጡ የተጻፈው መለያ ተቀይሮ ጂቲኤክስ 1060 ወይም 1050 ቲአይ ነኝ የሚለው ሐሰተኛ ካርድ ሲሆን፣ ዊንዶውስም የሚያነበው ያንኑ የውሸት ስም ነው። በነዚህ ካርዶች ላይ የድሮው ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ ከታየ ሊያስጠረጥር ይገባል፤ ምክንያቱም የ1060 እና የ1050 ቲአይ ትክክለኛ ቺፖች የአናሎግ ምስል አያወጡም። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የቺፑን እውነተኛ ማንነትና የማስያዎቹን ቁጥር ስለሚያሳይ፣ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት በሻጩ ማሽን ላይ ተከፍቶ መታየት ይኖርበታል፤ ቀጥሎም አንድ ከባድ ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሠራ ተደርጎ ሙቀቱ፣ የፋኑ ድምፅና በስክሪኑ ላይ ያለቦታቸው ብቅ የሚሉ ባለቀለም ነጥቦች መኖራቸው ይፈተሻል።