ከሀዲዱ በፊት ሰዓቱ፦ የኤኖደንን መስመር በአንድ ኮምፔንሳቶ ላይ መንደፍ

ሞዴል ባቡር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የልጆች መጫወቻ ነው፤ ክብ ሀዲድ፣ በላዩ የሚዞር ባቡር፣ በቃ። ጃፓን ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካቶ የተባለው ኩባንያ በ9 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ የሚሄድ የመጀመሪያውን ሞዴሉን እ.ኤ.አ. በ1965 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፣ ትልልቅ ሰዎች ገንዘባቸውንና ቅዳሜ እሑዳቸውን የሚያፈሱበት ሥራ ሆኗል። እኛን የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎችን የሚስበን ግን የነዳፊው ራስ ምታት ነው። ራዲየስ፣ ስሎፕ፣ ክሊራንስ፣ የመስመር አቅም፣ በሀይዌይና በሬልዌይ ኮርስ የምንታገላቸው ጉዳዮች ሁሉ እዚህም አሉ። ልዩነቱ፣ እዚህ ያለን መሬት 1.8 ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር መሆኑ ብቻ ነው። ይህ መጠን እንዲያው የተመረጠ አይደለም፤ ጃፓን ውስጥ ኮምፔንሳቶ በአብዛኛው የሚሸጠው በዚህ ልክ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አብዛኛው ጀማሪ መጀመሪያ ሀዲድ ይገዛል፣ ከዚያ ቀለበት ይሠራል፣ ከዚያ ጣቢያ የት እንደሚያስቀምጥ ያስባል። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። የሀዲድ ፕላን ማለት በጣውላ ላይ የተሳለ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ባቡሩ ስንት ፉርጎ ነው? በስንት ደቂቃ ይመጣል? ከማን ጋር የት ይተላለፋል? እነዚህ ካልተመለሱ የሚሠራው ነገር የቱንም ያህል ቢያምር የትም ያልሆነ ቦታ ይሆናል። ይህን ለማሳየት አንድ እውነተኛ መስመር ወስደን እስከ መጨረሻው እንንደፈው።

መጀመሪያ ስለ ስኬል ጥቂት እንበል። የጃፓን ተራ ባቡር ሀዲድ ስፋቱ 1067 ሚሊ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ቶኪዮና ዮኮሐማ በባቡር ሲገናኙ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ያስገቡት ልክ ነው። (የድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሀዲድ 1000 ሚሊ ሜትር ስለነበር ለእኛ እንግዳ አይሆንም።) ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣኑ ባቡር ግን የሚሄደው በ1435 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። የሞዴሉ ሀዲድ ደግሞ ለሁለቱም 9 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሺንካንሰኑን በ1፡160፣ ተራውን ባቡር በ1፡150 ይሠሩታል። 1435ን ለ160 ብናካፍል 9 ይሞላል ማለት ይቻላል፤ 1067ን ለ150 ብናካፍል ግን 7.1 ነው የሚመጣው። ማለትም ተራው ባቡር ወደ 2 ሚሊ ሜትር በሰፋ ሀዲድ ላይ ነው የሚቆመው። ጃፓኖቹ ይህን እያወቁ ትተውታል፤ እኛም እንተወው።

አሁን ባቡር እንምረጥ። የቶካይዶ ሺንካንሰን 16 ፉርጎ አለው፣ ርዝመቱ ወደ 400 ሜትር ነው። በ1፡160 ሲሠራ 2.5 ሜትር ይሆናል፤ ጣውላችን 1.8 ሜትር ነው፤ ጨዋታው እዚህ ላይ አለቀ። በቶኪዮ ዙሪያ የሚዞረው የያማኖቴ ባቡር 11 ፉርጎ ነው፣ እያንዳንዱ 20 ሜትር፤ ተደምሮ 1.47 ሜትር ገደማ። ጣውላው ላይ ይቆማል፤ ግን ከመቆም ሌላ ምንም አይሠራም። በግማሽ ቆርጦ ማሳጠር ይቻላል ይላሉ። ይቻላል፤ ግን አምስት ፉርጎ ያለው ያማኖቴ ያማኖቴን ለሚያውቅ ሰው ያማኖቴ አይደለም።

ሁለተኛው ወንፊት ራዲየስ ነው። የቶካይዶ ሺንካንሰን መስመር ሲነደፍ ለዋናው ሀዲድ የተቀመጠው አነስተኛ ራዲየስ 2500 ሜትር ነበር። በስኬሉ 15.6 ሜትር ይሆናል። በሱቅ የሚገኘው ኩርባ ግን አንዱ ለምሳሌ 315 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእውነተኛው ሃምሳ ጊዜ ያህል የጠበበ። ባቡሩ ይዞራል፣ ግን እንደ እባብ ተጣጥፎ ነው። ታዲያ ኩርባው በእውነትም እንዲህ የጠበበ መስመር ጃፓን ውስጥ የለም ወይ? አለ።

ኤኖደን ይባላል፤ ሙሉ ስሙ የኤኖሺማ ኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ከቶኪዮ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከፉጂሳዋ ተነስቶ በባሕሩ ዳርቻ እስከ ካማኩራ ይሄዳል። የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን ካማኩራ የደረሰው በ1910 ነው። ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ጣቢያዎቹ 15፣ ሀዲዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጠላ። በጣም የጠበበው ኩርባው 28 ሜትር ራዲየስ አለው። 28 ሜትር ለ150 ሲካፈል 187 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቶሚክስ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ ባለ 177 ሚሊ ሜትር ኩርባ ይሸጣል። ሞዴሉ ከእውነቱ ጋር እንዲህ የሚቀራረብበት ቦታ እምብዛም አይገኝም። ባቡሩም አጭር ነው፦ ባለ ሁለት ፉርጎ ስብስብ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ስብስብ ተቀጣጥሎ አራት ፉርጎ ይሆናል። ርዝመቱ ወደ 51 ሜትር፣ በሞዴል 34 ሳንቲ ሜትር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በነጠላ ሀዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ማሳለፊያ ሀዲድ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ኤኖደን በሁለቱ ጫፎች መካከል አምስት ማሳለፊያ አለው፦ ኩገኑማ፣ ኤኖሺማ፣ ሚኔጋሐራ፣ ኢናሙራጋሳኪና ሐሴ። ከእነዚህ ሚኔጋሐራ ጣቢያ እንኳ አይደለም፤ ባቡሮች ለመተላለፍ ብቻ የሚቆሙበት፣ ተሳፋሪ የማይወርድበት ነጥብ ነው። ለምን አምስት ሆኑ? ባቡሩ ለረጅም ዓመታት በየ12 ደቂቃው ነበር የሚመጣው። በሁለቱም አቅጣጫ በ12 ደቂቃ ልዩነት ባቡር ከተላከ፣ እያንዳንዱ ባቡር ከፊቱ የሚመጣ ሌላ ባቡር የሚያገኘው በ12 ሳይሆን በየ6 ደቂቃው ነው፤ ሁለቱም እየተቀራረቡ ስለሆነ ጊዜው በግማሽ ያጥራል። ጉዞው በሙሉ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ከፍ ይላል። በ6 ደቂቃ ሲከፋፈል ስድስት ቁራጭ፣ በስድስቱ ቁራጮች መካከል ደግሞ አምስት ነጥብ። ሚኔጋሐራም ሰው በሌለበት የተቀመጠው ሰዓቱ እዚያ ላይ ስለሚወድቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ልዩነቱ 14 ደቂቃ ሲሆን የተለወጠው በነጥቦቹ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ 6 የነበረው 7 ሆነ፣ ነጥቦቹ ግን እዚያው ናቸው።

ይህን አሠራር ወደ ጣውላው ስናመጣው 10 ኪሎ ሜትር በ1፡150 ወደ 67 ሜትር ሆኖ ያርፋል። እኛ የምናገኘው ቀለበት ደግሞ 4.7 ሜትር ነው። ከዳር 5 ሳንቲ ሜትር ትተን፣ ማዕዘኖቹን በ177 ኩርባ ብንዞር፣ ረጅሙ ጎን 1346 ሚሊ ሜትር ቀጥታ ሀዲድ ይሰጠናል፣ አጭሩ ጎን 446። የቀረው ኩርባ ነው። ከአስራ አምስቱ ጣቢያ አስራ ሁለት ሦስቱን መሰረዝ ግዴታ ነው። አምስቱ ማሳለፊያዎች ግን ወደ ሁለት ቢወርዱም አሠራሩ አይሞትም። አንድ ብቻ ከሆነ ግን ይሞታል፤ አንዱ ባቡር ሙሉ ዙር ሲዞር ሌላው ቆሞ ይጠብቃል።

ማሳለፊያው ምን ያህል ቦታ ይበላል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ባቡሩን ብቻ ለክቶ ይሳሳታል። የቶሚክስ ሀዲድ መቀየሪያ ራዲየሱ 541 ሚሊ ሜትር፣ አንግሉ 15 ዲግሪ ነው። 541ን በሳይን 15 ብናበዛ 140 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የመቀየሪያው ርዝመት ነው። ወደ ጎን የሚያወጣን ደግሞ 541 ሲባዛ በ(1 ሲቀነስ ኮሳይን 15)፣ ማለትም 18.4 ሚሊ ሜትር። ሀዲዱ እንደገና ቀጥ እንዲል በተቃራኒው የሚታጠፍ ተመሳሳይ ኩርባ ይቀጠላል፣ ሌላ 18.4። ድምሩ 37 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ የፋብሪካው መደበኛ የሁለት ሀዲድ ርቀትም ልክ ይኸው 37 ነው። ሂሳቡ እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል። ርዝመቱ ግን ደስ አይልም፦ በእያንዳንዱ ጫፍ 280፣ በሁለቱ 560 ሚሊ ሜትር፣ መሀል ላይ ለ34 ሳንቲ ሜትሩ ባቡር 420 ቀጥታ ስንጨምር 98 ሳንቲ ሜትር። ባቡሩ 34፣ ጣቢያው 98! ከጣውላው ርዝመት ከግማሽ በላይ ሄደ። ሆኖም 1346ቱ ውስጥ ይገባል፣ 36 ሳንቲ ሜትርም ይተርፋል።

ስለዚህ በፊተኛው ረጅም ጎን አንድ ማሳለፊያ፣ በኋለኛው ሌላ አንድ። ተመልካቹ በባሕሩ በኩል፣ ማለትም ወደ ሰሜን እያየ ይቁም። በፊተኛው ጎን ባሕሩ፣ የመኪናው መንገድና ሀዲዱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ማሳለፊያው ሚኔጋሐራ ነው። ከጎኑ የካማኩራ ኮኮ ማኤ ጣቢያ አጠገብ ያለው የሀዲድ ማቋረጫ አለ፤ ስላም ዳንክ የተባለው የ1990ዎቹ የካርቱን ፊልም መክፈቻ ላይ ስለታየ እስከ ዛሬ ሰው ካሜራ ይዞ የሚሰለፍበት ነው፣ መተው አይቻልም። በግራ በኩል ያለው አጭር ጎን ኮሺጎኤ ይሁን፤ ባቡሩ ከመኪና ጋር በአስፋልት ላይ የሚሄድበት ሰፈር። ሀዲዱን እስከ አናቱ በጀሶ ሞልቶ አስፋልት ማስመሰል ነው። በቀኝ ያለው አጭር ጎን ኮረብታ ሆኖ የጎኩራኩጂን ዋሻ ይሸፍናል፤ መስመሩ ላይ ያለው ዋሻ ይኸው አንድ ነው። ድልድይ ሠርቶ ሀዲድን በሀዲድ ላይ ማሳለፍ የሚያምረው ካለ ይቅርበት፦ 5 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት በ4 በመቶ ስሎፕ 1.25 ሜትር ያስፈልጋል፣ ለመውረድም ሌላ 1.25።

የኋለኛው ማሳለፊያ ማን ይሁን? ችግሩ እዚህ ነው። ከኮሺጎኤ መንገድ በኩል ስንመጣ ቀጥሎ ያለው ኤኖሺማ ነው፤ ከዋሻው በኩል ስንመጣ ደግሞ ሐሴ። እውነተኛው መስመር ቀለበት አይደለማ! አንዳንዶች ቀለበቱን ቆርጠው በሁለት ጫፍ መቆሚያ ይጨርሱታል። እኔ ቀለበቱን እመርጣለሁ፤ በዚህ ቦታ ላይ ጫፍ ከተሠራ ባቡሩ ሦስት ሜትር ሳይሄድ ይመለሳል። ይልቅስ ጣውላውን በቁመቱ መሀል ለመሀል በተቀባ ካርቶን መከፋፈል ይሻላል። በፊት በኩል የቆመ ሰው ኋላውን አያይም። የኋላው ጣቢያ የሠፈር ስም ሳይጻፍበት፣ በቤቶች መሀል የተጨናነቀ ሆኖ ይሠራ፤ ከግራ ለሚመጣው ኤኖሺማ፣ ከቀኝ ለሚመጣው ሐሴ ይሆናል። ይህን ንድፍ የሚያስችለው ዋናው ማታለል ይህ ነው፣ ሌላው በሙሉ ከሞላ ጎደል እውነት ነው።

የቀረን ሰዓቱን መሙላት ነው። ባቡሩ በ36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል ብንል በሞዴል በሴኮንድ 6.7 ሳንቲ ሜትር ነው። 4.7 ሜትሩ በ70 ሴኮንድ፣ ግማሹ በ35 ያልቃል። ነገር ግን በኮሺጎኤ አስፋልት ላይ ባቡሩ ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው። ኩርባዎቹን ጨምሮ 1 ሜትር የሚሆነውን በግማሽ ፍጥነት ካስኬድነው 15 ሴኮንድ ይጨምራል፤ የግራው ግማሽ 50፣ የቀኙ 35 ይሆናል። በርዝመት እኩል የሆኑት ሁለት ግማሾች በሰዓት እኩል አይደሉም። ስለዚህ ሁለቱንም ማሳለፊያዎች 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ግራ እንገፋቸዋለን፤ በየጎኑ የነበረን ትርፍ 18 ስለሆነ ይበቃል። ያኔ ግራው 45፣ ቀኙ 40 ገደማ ይሆናል፣ ቀድሞ የደረሰው አምስት ስድስት ሴኮንድ ይጠብቃል። ከመቆሚያው ጋር ልክ በየ1 ደቂቃው መተላለፍ ይኖራል፤ የድሮው 6 ደቂቃ ስድስት ጊዜ የፈጠነ ማለት ነው። የጃፓን ባቡር በግራ ስለሚሄድ፣ በፊተኛው ማሳለፊያ ወደ ካማኩራ የሚሄደው በኮረብታው በኩል ያለውን ሀዲድ፣ የሚመለሰው በባሕሩ በኩል ያለውን ይይዛል።

ለኤሌክትሪኩ ሁለት መቆጣጠሪያ ይበቃል፣ አንዱ ለግራው ግማሽ፣ አንዱ ለቀኙ። ምክንያቱም በዚህ ንድፍ በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ በማንኛውም ሰዓት ከአንድ ባቡር በላይ አይገኝም፤ በእውነተኛውም መስመር በሁለት ማሳለፊያዎች መካከል ደንቡ ይኸው ነው። በማሳለፊያዎቹ ያሉት አራት ሀዲዶች በሁለቱም ጫፍ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መገጣጠሚያ ይለያሉ፣ ለእያንዳንዳቸውም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መቆጣጠሪያ የሚያዞር ማብሪያ ይደረግላቸዋል። ባቡሮቹ ሲደርሱ ማብሪያዎቹ ይዞራሉ፣ የመቆጣጠሪያዎቹ አቅጣጫ ይገለበጣል፣ መቀየሪያዎቹ ይቀየራሉ፣ ከዚያ ይነሳሉ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ያለን ጊዜ ባቡሩ የሚቆምባት ሩብ ደቂቃ ነች። ለአንድ ሰው እጅ ትበዛለች፤ ስለዚህ አንዱ ግራውን፣ ሌላው ቀኙን ይዞ በሁለት ሰው ቢሠራ ይመረጣል፣ መሀል ላይም ሴኮንድ የምትቆጥር የግድግዳ ሰዓት ትሰቀል።