የእርድ ስም ከወዴት መጣ?

በየቤታችን አልጫ ወጥ ሲሠራ እርድ ሳይገባበት አይቀርም። ነገር ግን ስሙ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አይገኝም። እኔም መጠየቅ የጀመርሁት በገዛ ጥፋቴ ምክንያት ነው።

አንድ እሑድ በእናቴ ነጭ ነጠላ ላይ አልጫ ወጥ አፈሰስሁ። ሳታይብኝ ላጥበው ብዬ ሳሙና ብቀባው ቢጫው ነጥብ ደም መሰለ፤ እጅግም ደነገጥሁ። በማግሥቱ ለጓደኞቼ «ቅመሙ እርድ የተባለው ሳሙና ሲነካው የታረደ በግ ደም ስለሚመስል ነው» ብዬ በኩራት አስረዳሁ፤ እነርሱም አመኑኝ። የባዮሎጂ መምህራችን ግን ሰምተው «ያየኸው እውነት ነው፤ ስሙን ግን ገምተሃል። ሂድና መርምር» አሉኝ።

መርምሬም ይህን አገኘሁ። በእርድ ውስጥ ኩርኩሚን የተባለ ቢጫ ቀለም አለ። ይህም ቀለም ሳሙና ወይም የአመድ ውሃ ሲነካው ይቀላል፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ብርሃንም ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ነጠላውን ፀሐይ ላይ ባሰጣው ነጥቡ እየጠፋ ሄደ።

እርድ የዝንጅብልና የኮረሪማ ዘመድ ነው። የምንወቅጠው ክፍል ሥር ቢመስልም በመሬት ውስጥ የሚያድግ ግንድ ነው፤ ተቀቅሎና ደርቆ ይፈጫል። እንደ ደብረ ማርቆስ ያለ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳማ አገር አይስማማውም፤ በአገራችን እንደ ቴፒ ባለ ሞቃትና ዝናባም ስፍራ ይበቅላል። የጥንት አገሩ ግን እስያ ነው።

ወደ ስሙ እንመለስ። የበግ እርድ የተባለው ቃል በግዕዝ «ሐረደ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ነው። የቅመሙ ስም ግን ሌላ ነው። ጎረቤቶቻችን የመናውያን ይህንኑ ቅመም «ሁርድ» ይሉታል፤ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ደግሞ «ሃሪድራ» ይባላል፤ «ሃሪ» ማለትም ቢጫ ማለት ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ስሙን ይዞ ይመጣልና፥ የእኛም «እርድ» በዚሁ መንገድ የመጣ ይመስለኛል።

ሊቃውንት ለወገኑ የሰጡት ስም ደግሞ «ኩርኩማ» ነው፤ የስዊድኑ ሊቅ ሊኔ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ዓ.ም. በመጽሐፉ አስፍሮታል። ስሙ የመጣው «ኩርኩም» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። ይህ ቃል ግን አስቀድሞ የዛፍራን ስም ነበረ፤ በመኃልየ መኃልይ ምዕራፍ 4 ቁጥር 14 በዕብራይስጡ «ካርኮም» የተባለውም እርሱ ነው። ዛፍራን ከአንድ አበባ ሦስት ክሮች ብቻ ስለሚለቀሙለት እጅግ ውድ ነው። እርድ ግን በርካሽ ያንኑ የመሰለ ቢጫ ቀለም ስለሚሰጥ የውዱን ስም ወረሰ።

እንግዲህ ሁለቱም ስሞች የተነሡት ከቢጫ ቀለም ነው፤ እኔ ግን ከቀይ ስፈልገው ነበር። የሁለት ቃላት ድምፅ ስለ ተመሳሰለ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት እንደማይገባ ተረዳሁ። ያን ቀን ያመናችሁኝ ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ ስለ እኔ እርማት ይሁንላችሁ።